«አምስት ሚሊሄለን ቆንጆ ናት» ይባላል?

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኞቼ ለቀልድ ውበትን በ«ሚሊሄለን» እንለካለን። «አምስት ሚሊሄለን ቆንጆ ናት» ብዬ ብጽፍ አንደኛው «ይሄ አማርኛ አይደለም» አለኝ። ሌላኛው ደግሞ «ሚሊሄለኖች» መባል አለበት ባይ ነው። ማንኛቸው ናቸው ልክ?

መልስ፦ የመጀመሪያው ጓደኛዎ ልክ ነው። የሁለተኛው ግን አያስኬድም።

መለኪያውን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። በግሪኮች ተረት በውበቷ የታወቀችው ሄለን ወደ ትሮይ ከተማ ስትወሰድ፣ እሷን ለማስመለስ መርከብ በመርከብ ላይ ዘመተ። «ሺህ መርከብ ያስነሳ ፊት» የሚለውን አነጋገር ያስገነነው በ16ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የጻፈው እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ክሪስቶፈር ማርሎው ነው። «ሚሊ» አንድ ሺኛ ማለት ነውና፣ አንድ ሄለን ሺህ መርከብ ካስነሳ፣ አንድ ሚሊሄለን አንድ መርከብ የሚያስነሳ ውበት ነው ማለት ነው። (የጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ ሆሜር የዘረዘራቸው መርከቦች ሲደመሩ 1,186 ይመጣሉ። ሺው የተጠጋጋ ነው።)

አሁን ወደ እርስዎ ዓረፍተ ነገር። አማርኛ ልኬትን ከቅጽል ጋር አያጋባም። «ገመዱ ሦስት ሜትር ረጅም ነው» አንልም። «ርዝመቱ ሦስት ሜትር ነው» ወይም «ሦስት ሜትር ይረዝማል» እንላለን። ልኬት ስም ወይም ግስ ይፈልጋል። ስለዚህ «ውበቷ አምስት ሚሊሄለን ነው» ይበሉ። «አምስት ሚሊሄለን ታምራለች»ም ያስኬዳል፤ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፤ አጭር ነው፣ ለአፍም ይቀላል። ከስም በፊት ሲመጣ «ባለ አምስት ሚሊሄለን ውበት» ይሆናል።

አንዲት «በ» ግን ነገሩን ትለውጠዋለች። «አምስት ሚሊሄለን ታምራለች» ሙሉ ልኬቷን ይናገራል። «ከእህቷ በአምስት ሚሊሄለን ትበልጣለች» ካሉ ግን የሚነግሩን ልዩነቱን ብቻ ነው። እህትየዋ ራሷ ስንት መርከብ እንደምታስነሳ አናውቅም።

ብዙ ቁጥሩን ይተዉት። «ሁለት ኪሎዎች ስኳር» የሚል የለም፤ ቁጥሩ ራሱ ብዛቱን ተናግሯል።

መለኪያው ለአማርኛ እንግዳ አይመስለኝም። እኛም ውበትን የምንለካው ባደረገው ነገር ነው። አፍ ያስከፍታል፣ እህል ውሃ ያስረሳል፣ አላፊ አግዳሚውን ያቆማል እንላለን። መርከብ ማስነሳትም ከዚሁ ወገን ነው።

ቀልደኞች መለኪያውን ወደታችም ይወስዱታል፤ መርከቦቹ ተመልሰው እንዲሸሹ የሚያደርግ ፊት ማለታቸው ነው። ለዚህ «ኔጌቲቭ» ማለት አያስፈልግም፤ ለሙቀት እንደምንለው «ከዜሮ በታች ሁለት ሚሊሄለን» ይበቃል። በሰው ላይ ባይባል ግን ደስ ይለኛል።

አጻጻፉ እንደ «ሚሊሜትር» አንድ ላይ ነው፤ «ሚሊ ሄለን» ተብሎ አይለያይም። «ሄለን» የሚለው ስም በግእዝ በኩል «እሌኒ» ሆኖ ገብቶልናል። የትሮይዋን ግን አንባቢ የሚያውቃት «ሄለን» ብሎ ነውና «ሚሊእሌኒ» አይበሉ።