«ካንዴላ ቀየርኩ፣ ገመድ ቀየርኩ፣ አሁንም ትቆራረጣለች»

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ፣ 4ኬ ሞተር፣ ባለ ካርቡራቶርና ባለ ፑንቲና። ከተማ ውስጥ ምንም አትልም። ቤንዚን ሳልረግጥ ሚኒሞዋ ደልዳላ ነው፣ በዚህ ብርድ ጠዋት ጠዋት ቶሎ ትነሳልኛለች። ችግሯ ስትፈጥን ነው። በሁለተኛ ማርሽ 50 ስታልፍ መቆራረጥ ትጀምራለች፣ በማርሚታዋም ጧ ጧ ትላለች። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ስወጣማ የጭነት መኪኖች ከኋላዬ ጥሩምባ እየነፉ ነፍሴ ነው የምትወጣው። ቆሜ ማርሽ ሳላስገባ በፎሌ ስረግጣትም ያው ናት። አራቱንም ካንዴላ ቀየርኩ፣ የካንዴላ ገመዶቹን ቀየርኩ፣ ካርቡራቶሩን ሁለት ጊዜ አሳጠብኩ። አሁን ደግሞ አንድ መካኒክ «ሞተሩ ይውረድና ይታይ» አለኝ። ላውርደው?

መልስ፦ አታውርደው ወንድሜ። መጀመሪያ ደብዳቤህን አብረን እናንብበው፣ ምክንያቱም ትልቁን ፍንጭ ራስህ ጽፈኸዋል። «በፎሌ ስረግጣትም ያው ናት» ብለሃል።

መኪና ቆማ በፎሌ ስትረገጥ ብዙ ቤንዚን አትጠጣም። ሸክም የለባትም፣ ዳገት የለባትም። የነዳጅ እጥረት ቢሆን ኖሮ ጣርማበር ላይ ያስቸግርህና ግቢህ ውስጥ ግን ደህና ትጮህልህ ነበር። ቆማም የምትቆራረጥ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው የካንዴላውን እሳት ነው። ካርቡራቶሩን ሁለት ጊዜ ያሳጠብክበት ገንዘብ ያሳዝነኛል።

ለምን ሚኒሞ ላይ ደህና ሆና ስትፈጥን ትበላሻለች? ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 750 ዙር ሲዞር ቦቢናው፣ ማለትም ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው ጥቅል፣ በሰከንድ 25 ጊዜ እሳት ይሰጣል። 4,000 ዙር ላይ ግን በሰከንድ 133 ጊዜ ገደማ መስጠት አለበት። ቦቢና ምንጭ ላይ እንደተደቀነ እንስራ ነው። ፑንቲናው፣ ማለትም እሳቱን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋው የኤሌክትሪክ መገናኛ፣ ገጥሞ በቆየበት ጊዜ ይሞላል፣ ሲከፈት ይደፋል። ፍጥነቱ ሲጨምር የመሙያ ጊዜው ያጥራል። ፑንቲናው በትክክል ካልገጠመ እንስራው በግማሹ ይነሳል፣ ካንዴላው ላይ የሚደርሰው እሳትም የማያቀጣጥል ይሆናል። በደብዳቤህ ውስጥ ደግሞ ስለ ፑንቲናው የለውጥም የመለካትም ወሬ የለም። እኔ ከዚያ ነው የምጀምረው።

የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ክፈት። ሞተሩን በእጅ አዙረህ ፑንቲናው ሙሉ በሙሉ የሚከፈትበት ቦታ ላይ አቁምና ክፍተቱን ለካ። ለአንተ ሞተር 0.45 ሚሊሜትር አካባቢ ይበቃል። ከዚህ በጣም ከሰፋ የሚገጥምበት ጊዜ ስለሚያጥር ዝቅተኛ ዙር ላይ ሳይታወቅህ ከፍተኛው ላይ ያጋልጥሃል። ሁለቱን የፑንቲና ፊቶች በደንብ እያቸው። አንዱ ጎድጉዶ ሌላው ላይ ጉብታ ከወጣ ኮንደንሰሩም (ፑንቲናው ሲከፈት ብልጭታውን የሚቀንሰው) አብሮ ይቀየር። የፑንቲናውን ሞላ በጣትህ ሞክረው። ከላላ በከፍተኛ ዙር ፑንቲናው መዝጋት ሲገባው እየነጠረ ይቀራል። ከዚያ የዲስትሪቢውተሩን ዘንግ ያዝና ግራ ቀኝ ነቅንቀው። የሚወዛወዝ ከሆነ የለካኸው ክፍተት ሞተሩ ሲሮጥ ያው ሆኖ አይቆይም፣ ስለዚህ አዲስ ፑንቲና ብትገዛም አይፈታልህም።

አሁን ብዙ ሰው የማያየውን ልንገርህ። ከፑንቲናው ወደ ውጭ የምትወጣ አጭር ቀጭን ሽቦ አለች። ፑንቲናው የተቀመጠባት ሳህን ወደፊትና ወደኋላ በተንቀሳቀሰች ቁጥር አብራ ትታጠፋለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት የራሴ መኪና ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ልክ እንደ አንተዋ ትቆራረጥ ነበር። አንድ ጋራዥ ሁለት ቦቢና አስገዛኝ፣ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ አንድ ማታ ክዳኑን ከፍቼ ያችን ሽቦ በጥፍሬ ይዤ ስዳብሳት አንድ ቦታ ላይ እንደ ፈትል ልስልስ ብላ ታጠፈች። ላስቲኩ ደህና ነው፣ ምንም አልተላጠም። ስሰነጥቀው ግን ውስጡ ያለው መዳብ ተበጣጥሶ የቀሩት ሁለት ሦስት ክሮች ብቻ ነበሩ። ሚኒሞ ላይ ይነካካሉ፣ ሳህኗ ስትንቀሳቀስ ይለያያሉ። አንድ ስንዝር የማትሞላ ሽቦ ናት ያን ሁሉ ያስወጣችኝ።

የቀየርካቸውን ካንዴላዎችም አውጥተህ ለካቸው። አዲስ ማለት የተስተካከለ ማለት አይደለም። ካርቶን ውስጥ 1.1 ሚሊሜትር ክፍተት ይዘው የሚመጡ አሉ። እሱ ለኤሌክትሮኒክ እሳት የሚሆን ነው፣ በፑንቲና ለሚሠራ ሞተር 0.8 ነው የሚስማማው። ክፍተቱ ሲሰፋ እሳቱ ለመዝለል ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፣ ያንን ጉልበት ደግሞ ቦቢናው በከፍተኛ ዙር የለውም። ካንዴላው ጠቁሮ ብታገኘው ወዲያው አትደንግጥ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጣርማበር ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው። እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራቶር ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይይዛል። ያው መኪና ሸዋ ሮቢት ወርዳ ብትከርም ካንዴላዋ ቡናማ ይሆን ይሆናል። ጥላሸቱ ሲበዛ ለመቆራረጡ ያግዛል፣ ግን ብቻውን ጥፋተኛ አታድርገው።

በግምት ዕቃ ከመግዛት ይልቅ ጥፋቱን በሚሠራበት ሰዓት መያዝ ይሻላል። መካኒኮች ታይሚንግ የሚያስተካክሉበት መብራት አላቸው። ለአንድ ሰዓት ተዋስ። መቆንጠጫውን መጀመሪያ ከቦቢናው በሚወጣው ወፍራም ገመድ ላይ አድርግና ሌላ ሰው እስክትቆራረጥ ድረስ በፎሌ ይርገጥልህ። መብራቱም እየዘለለ ከበራ ጥፋቱ ከዚያ በፊት ነው፤ ፑንቲና፣ ኮንደንሰር፣ ያቺ ሽቦ ወይም ቦቢናው ራሱ። እዚያ ሳይዘል ከበራ አራቱን የካንዴላ ገመዶች ተራ በተራ ሞክር። አንዱ ላይ ብቻ ከዘለለ የዲስትሪቢውተሩን ክዳን እየው። ማታ በጨለማ ኮፈኑን ከፍተህ ብታይ የተሰነጠቀ ክዳን ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ሲሄድ በዓይንህ ታገኘዋለህ፣ በተለይ የጣርማበር ጉም ካረጠበው። ሁሉም ላይ ሳይዘል እየበራ ሞተሩ ከተቆራረጠ ብቻ ወደ ነዳጁ ሂድ። ያኔ ቀላሉ ፈተና አየሩን ቀንሶ ቤንዚኑን የሚያበዛው ቾኩ ነው። ዳገት ላይ ስትቆራረጥ ቾኩን ትንሽ ሳብ አድርገው። ከተሻላት ቤንዚን እያጠራት ነውና ፊልትሮውንና ፖምፓውን እይ፣ የታንከሩን ክዳንም ላላ አድርገህ ሞክር።

እሳቱም ነዳጁም ደህና ሆኖ ከተገኘ የቀረው የቫልቭ ሞላ መድከም ሊሆን ይችላል። ሞተር ስለመክፈት የምናወራው ያኔ ነው፣ እሱም ኮምፕሬሽን ተለክቶ።

አደራ ሁለት ነገር። ብልጭታ ለማየት ብለህ ገመድ በእጅህ አትያዝ፣ በብርዱ ጋቢ ለብሰህም እየሠራ ባለ ሞተር ላይ አትጎንበስ፣ ቬንቲሌተሩ ጫፉን ይስበዋል። ሌላው፣ እስክትስተካከል ድረስ የደብረ ሲናን ዳገት ተሳፋሪ ይዘህ አትውጣባት። በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ለመቅደም ወጥተህ ጉልበት ብታጣ መመለሻ የለህም። ያልተቃጠለው ቤንዚንም የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ ደህናውን ሞተር ይበላዋል።

ፑንቲናውን ከለካህ በኋላ ቁጥሩንና መብራቱ የትኛው ገመድ ላይ እንደዘለለ ጻፍልኝ። ሽቦዋንም በጥፍርህ ዳብሳት።