ሦስት አክስል ያለው ትሬለር አሁን ልግዛ ወይስ ሕጉን ልጠብቅ? ላልከው ወንድማችን

ወንድሜ፣ «አሜሪካ ውስጥ 91,000 ፓውንድ በስድስት አክስል (የጎማ ዘንግ) ሊፈቀድ ነው ይባላል፤ ሦስት አክስል ያለው ትሬለር ካሁኑ ብይዝ ያዋጣኛል?» ብለህ ጠይቀሃል። ሕጉን ተስፋ አድርገህ አትግዛ። ዛሬ በእጅህ ያለ ሥራ የሚጠይቀው ከሆነ ግን ግዛ።

ኢንተርስቴት (ስቴቶችን የሚያገናኘው አውራ ጎዳና) ላይ መኪናው ከነጭነቱ ጠቅላላው 80,000፣ ነጠላ አክስል 20,000፣ ታንደም (ሁለት የተጠጋጉ አክስሎች) 34,000 ፓውንድ ነው፤ ከ1974 ጀምሮ እንደዚሁ ነው። በተለመደው አምስት ላይ ስድስተኛ አክስል ስለጨመርክ 80,000ው ንቅንቅ አይልም። እንዲያውም አክስሉ ከነጎማውና ከነብሬኩ ወደ 2,000 ፓውንድ ስለሚመዝን፣ የምትጭነው በዚያው ልክ ይቀንስብሃል።

የ91,000ው ስሌት እንዲህ ነው፦ ስቲር (የፊት መሪ አክስል) 12,000፣ ድራይቭ (መኪናውን የሚገፉት ሁለት አክስሎች) 34,000፣ ትሬለር 45,000። ትሬለሩ ላይ ለአንድ አክስል 15,000 ይደርሳል፤ በታንደም 17,000 ነበር። የአክስል ክብደት እጥፍ ሲሆን አስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ስለሚጠጋ፣ ሦስቱ ቀላል አክስሎች ከሁለቱ ከባዶች ያነሰ ይጎዳሉ። «መንገዱን አይጎዳም» የሚሉት እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ድልድይ ግን ሌላ ነው፤ አንድ ላይ የሚያርፍበት ጠቅላላ ክብደት በስንት ጫማ ርዝመት ላይ እንደተዘረጋ ነው የሚቆጥረው። በፌዴራሉ የድልድይ ቀመር ስድስት አክስል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 51 ጫማ ከሆነ 84,500 ብቻ ይወጣል፤ 91,000 ለመድረስ 62 ጫማ ያህል ያስፈልጋል። በዴይ ካብ (መኝታ በሌለው አጭር መኪና) አጭር ቻሲ (የኮንቴይነር ትሬለር) የሚጎትት ሰው እዚያ አይደርስም። ክርክሩ ያለው እዚህ ነው፤ በ2015 የተወካዮች ምክር ቤቱ ሐሳቡን 236 ለ187 ጥሎታል። ሚሺጋን በ11 አክስል 164,000 የምትፈቅደው ከድሮ በተያዘ መብት ነው፤ አንተ ጋ አይመጣም።

ዛሬ የሚያዋጣው የወደብ ሥራ ነው። ከውጭ የገባ ወይም ወደ ውጭ የሚወጣ የታሸገ ኮንቴይነርን ስቴቶች እንደማይከፋፈል ጭነት ቆጥረው የኦቨርዌይት ፐርሚት (ከክብደት ገደቡ በላይ ለመጫን ፈቃድ) መስጠት ይችላሉ፤ ብዙዎቹም ይሰጣሉ። ፐርሚቱን ከመነሳትህ በፊት ያዝ። የተጻፈልህን የአክስል ብዛት፣ ርቀትና መንገድ ከለቀቅክ ፐርሚቱ እንደሌለ ነው።

ስትገዛ መጀመሪያ ትሬለሩ ላይ የተለጠፈውን የአምራቹን ክብደት አንብብ። ሕጉ ቢፈቅድም ፋብሪካው ካልፈቀደ አትጭንም። ሊፍት አክስል (ከመሬት የሚነሳ አክስል) ካለው የኤር ባጉን (የሚጫነውን የአየር ከረጢት) ፕሬዠር አስተካክል፦ ሙሉ ጭነህ ስኬል (የመኪና ሚዛን) ላይ ውጣ፣ ሬጉሌተሩን (የአየር ግፊት መቆጣጠሪያውን) አስተካክል፣ እንደገና መዝን። የስኬሉ ሰሌዳ የሦስቱን ድምር ብቻ ስለሚሰጥህ፣ ትንሽ ተንቀሳቅሰህ አንዱ አክስል ከሰሌዳው መገጣጠሚያ ወዲያ እንዲያርፍ አድርግና ልዩነቱን ቀንሰህ አውጣ። ፕሬዠሩ ካነሰ ሁለቱ ቋሚ አክስሎች ይሸከሙታል፤ ሊፍቱን አንስተህ ከረሳኸው ደግሞ 45,000ው በሁለት ይከፈልና እያንዳንዳቸው 22,500 ይይዛሉ። ጎማ የሚፈነዳው፣ ቅጣት የሚመጣውም ያኔ ነው።

ጠባብ መታጠፊያ ላይ ሦስት የተጠጋጉ አክስሎች ጎማ ይፍቃሉ፤ ወደብ ግቢ ውስጥ ደግሞ ሥራው ሁሉ መታጠፍ ነው። የጎማ በጀትህን ከታንደም በላይ ያዝ። ባዶ ስትሆን ሊፍቱን አንሳው።

ብሬኩ ለአንድ አክስል ሲሰላ የቀለለ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ግን የሚቆመው ክብደት በ14 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ታይፕ 30 ቻምበር (የአየር ብሬክ ክፍል) ካለህ የፑሽሮዱ (ብሬኩን የሚገፋው ዘንግ) ጉዞ ከ2 ኢንች እንዳያልፍ በየጊዜው ለካ፤ ሎንግ ስትሮክ (ረጅም ጉዞ ያለው ዓይነት) ከሆነ 2.5 ነው። አዲሱ አክስል የሚረሳ ብሬክ አለው።

ወረቀቱ ቀላል ነው። ፎርም 2290 (የከባድ መኪና ዓመታዊ የፌዴራል ግብር) ከ75,000 በላይ 550 ዶላር ላይ ይቆማል። አይ አር ፒ (በብዙ ስቴት ለሚሠራ መኪና የሚደረግ ምዝገባ) ላይ ግን የተመዘገበውን ክብደት ካላሳደግክ ፐርሚቱ ብቻውን አያድንህም። ኦሪገን ከ80,000 በላይ ለሚጭን በማይል ስታስከፍል ለተመሳሳይ ክብደት አክስሉ በበዛ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፤ ሌሎችም ቢያደርጉት ጥሩ ነበር።

የምትሠራበትን ስቴትና ወደብ ጻፍልን፤ የኮንቴይነር ፐርሚቱ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል።