ለወጣት አብራሪዎች፦ ከመጨረሻዎቹ 200 ጫማ በፊት

ውድ ወጣት አብራሪዎች፣

ትንሽ አውሮፕላን ደመና ውስጥ በአይኤልኤስ (አቅጣጫንና ቁልቁለትን በሬዲዮ ምልክት በሚያሳየው የማረፊያ መሪ) እየተመራ ሲወርድ ቆይቶ መንደርደሪያው ሳይደርስ ወድቆ ሲገኝ፣ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ አየሩ ጠባይ ነው። እኔ ቀድሜ ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነው፦ 1000 ጫማ ላይ ፍጥነቱ፣ የአይኤልኤሱ መርፌዎችና የሞተሩ ኃይል ረግተው ነበር ወይ? እዚያ ያልረጋ አቀራረብ ታች ሲደርስ ይብስበታል።

ነገሩ ስሌት ነው። የቁልቁለቱ መስመር፣ ማለትም ግላይድ ስሎፕ፣ በአብዛኛው 3 ዲግሪ ነው፤ መርፌው ጥግ የሚነካው ከመስመሩ 0.7 ዲግሪ ያህል ስትርቁ ነው። 1000 ጫማ ላይ ይህ 230 ጫማ ገደማ ይሆናል፤ 200 ጫማ ላይ ግን 47 ብቻ። ላይ ሳላችሁ የለመደው እጅ ታች ሲደርስ ከልክ በላይ ያርማል፤ አፍንጫው ይወጣል ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ይዋዥቃል፣ ዓይን አንዱ መርፌ ላይ ተተክሎ ሌላውን ይረሳል። መርፌ ማሳደዱን ተዉና ቁጥር ያዙ። የምድር ፍጥነታችሁ 90 ኖት ከሆነ በደቂቃ 480 ጫማ ያህል ውረዱ፤ የኋላ ነፋስ 110 ካደረሰው 580 ያህል። መርፌው ሲሸሽ ከዚህ ላይ 100 ጨምሩ ወይም ቀንሱ፤ ሲመለስ ወደ ቁጥራችሁ ተመለሱ። ለሎካላይዘሩም፣ ማለትም የመንደርደሪያውን መሐል መስመር ለሚያሳየው ምልክት፣ ነፋሱን የሚመክት አቅጣጫ ፈልጋችሁ ያዙ፤ ታች ስትደርሱ ከ2 ወይም 3 ዲግሪ በላይ አትዙሩ።

በችኮላ የሚዘለል ነገርም አለ። ትክክለኛው ጣቢያ መሆኑን ለማወቅ የአይኤልኤሱን የሞርስ መለያ አዳምጡ። ግፊቱ 1003 ሄክቶፓስካል ሆኖ ሳለ 1013 ላይ የተተወ ከፍታ መለኪያ ወደ 280 ጫማ አስበልጦ ያነባል፤ የውሳኔው ከፍታ (መብራት ወይም መንደርደሪያ ካልታየ ማረፉ የሚተውበት) ከመሬት 200 ጫማ በሆነበት ማረፊያ ይህ ምን እንደሚያስከትል አስሉት። የሚያጋልጠው አንድ ምርመራ ነው፦ መርፌው መሐል ላይ እንዳለ የመጨረሻው አቀራረብ ነጥብ ላይ ስትደርሱ፣ መለኪያው ካርታው ላይ ከተጻፈው ከፍታ ጋር መስማማት አለበት። ይኸው ምርመራ በ9 ዲግሪ አካባቢ ያለውን የሐሰት ቁልቁለትም ይይዛል። ወደዚያ የሚገቡት ከላይ የሚወርዱ ናቸውና መስመሩን ሁሌም ከሥሩ ያዙት።

መብራቶቹ በጭጋግ ውስጥ ብልጭ ሲሉ ብዙ ሰው ሳይታወቀው አፍንጫውን ወደ እነሱ ይደፋል። በደቂቃ 480 የነበረው አወራረድ በእጥፍ ይጨምራል፣ መሬት ደግሞ ሰከንዶች ብቻ ቀርተውታል። መብራት ካያችሁ በኋላም ግላይድ ስሎፑን አትልቀቁ።

መብራት ካላያችሁ ማረፉን ትታችሁ እንደገና መውጣት አለባችሁ፤ ሥራው እዚህ ይከብዳል፤ ለዚህ የሚሰጠው የልምምድ ሰዓት ሁሌም ያንስብኛል። ሙሉ ኃይል ስትሰጡ ለመውረድ ትሪም የተደረገው (መሪው ሳይገፋ አወራረዱን እንዲይዝ የተስተካከለው) አውሮፕላን አፍንጫውን ያነሣል፣ ባለአንድ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግራ ይስባል፤ የቀኝ ፔዳል ይፈልጋል። በዚያው ቅጽበት የውስጥ ጆሮ የፍጥነቱን መጨመር አፍንጫው ከልክ በላይ እንደተነሣ አድርጎ ይተረጉመዋል። ጆሮውን ያመነ አብራሪ ወደ ታች ይገፋል። ዓይናችሁ ሰው ሠራሹ አድማስ (የአፍንጫውንና የክንፉን አቋም የሚያሳየው መሣሪያ) ላይ ይሁን፣ መውጣታችሁን በከፍታ መለኪያው አረጋግጡ፣ ፍላፑን (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋውን ክፍል) በደረጃ እንጂ በአንዴ አትሰብስቡ። ሬዲዮው ይቆይ። ማረፉን ቀደም ብላችሁ ብትተዉትም ካርታው ላይ ያለው ማረፉ የሚተውበት ነጥብ እስኪደርስ አትታጠፉ፤ ከእንቅፋት ነጻ መሆኑ የተረጋገጠው ያ መንገድ ነው።

ሁለተኛ ሙከራ ከመጀመራችሁ በፊት ነዳጁን አስሉ፦ ተለዋጩ ማረፊያ የሚያደርስ፣ ከዚያም በላይ 45 ደቂቃ የሚያስበርር። አየሩ ካልተለወጠ ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው የሚለየው በድካም ነው፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ የማየት ፈተናም አብሮት ይመጣል። ተቆጣጣሪውን የመንደርደሪያውን የእይታ ርቀት ጠይቁት። የአንደኛ ደረጃ አይኤልኤስ ዝቅተኛ ልክ 550 ሜትር ነው፣ ካርታችሁ ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ከልኩ በታች ከነገራችሁ ወደ ተለዋጩ መሄዳችሁን እዚያው አሳውቁት።