ለጀልባ ባትሪ ቮልት ሜትር ወይስ አምፔር ሜትር?

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ እንግዳ የሚያመላልስ አንድ ወንድም እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «የጀልባዬ ሞተር ናፍጣ ነው፤ ባትሪው 12 ቮልት፣ ዲናሞው 60 አምፔር። ዳሽቦርዱ ላይ የነበረው አምፔር ሜትር ተቃጠለ። የቱን ጌጅ ልግዛ? እንዴትስ ልግጠመው?»

ወንድሜ፣ ብርህ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ቮልት ሜትር ግዛ። አታመንታ።

የድሮው ዓይነት አምፔር ሜትር ችግሩ ዲናሞው የሚያመነጨው በሙሉ በራሱ ውስጥ ማለፉ ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ መሪው ከፊት ከሆነ ደግሞ ኬብሉ 6 ሜትር ሄዶ 6 ሜትር ይመለሳል። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ ኬብል ብትዘረጋ እንኳን 50 አምፔር ሲያልፍበት 1 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ዲናሞው 14.2 እየሰጠ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 13.2 ብቻ ነው፤ በዚህ ዓይነት እስከ ዘጌ ደርሰህ ስትመለስም ባትሪው በቅጡ አይሞላም። ዳሽቦርዱ ስር አንድ ዳዶ ከላላ ደግሞ ይግላል፣ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። ያንተም የተቃጠለው እንዲህ ሆኖ ቢሆን አይገርመኝም።

ቮልት ሜትር ግን የሚፈጀው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፣ ቀጭን ሽቦ ይበቃዋል። ሁለቱንም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው አምጣ። ከቁልፉ ጀርባ አትጥለፍ፤ መብራትና ፖምፓ ሲሠሩ እዚያ ያለው ቮልት ስለሚወርድ ጌጁ ይዋሽሃል። ፖዘቲቩ ላይ፣ ከባትሪው አጠገብ፣ ባለ 1 ወይም 2 አምፔር ፊውዝ አስገባ። ከዚያ የራሱ ትንሽ ማብሪያ ይኑረው፣ ሌሊት በከንቱ እንዳይበራ።

ንባቡ እንዲህ ነው። ጀልባው ቆሞ ካደረ በኋላ 12.6 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 አካባቢ ከሆነ ግማሽ። ሞተሩ በጉዞ ፍጥነት ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። ከ13 ካላለፈ መጀመሪያ ቺንጊያው ላልቶ እንደሆነ ተጫነው፣ ቀጥሎ ካፖኮርዳዎቹን (የኬብሎቹን ጫፍ ማሰሪያዎች) ፈትሽ፣ ከዚያ ነው ዲናሞ የሚፈታው። (ብዙ ሰው በተቃራኒው ነው የሚጀምረው፣ ወጪውም ለዚህ ነው።) 15 ካለፈ ሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው) ተበላሽቷል፤ አሲዱን ሳያፈላው ቶሎ አስተካክለው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ «አሁን ጌጅ አለኝ» ብለህ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ቀይዋን የባትሪ ማስጠንቀቂያ መብራት እንዳታነሳት። በብዙ ዲናሞዎች ሥራውን የሚያስጀምረው በዚያች አምፖል በኩል የሚሄደው ትንሽ ኃይል ነው። እሷ ከተነሳች ዲናሞው በሚኒሞ ዝም ይልና ጋዝ ስትሰጠው ብቻ ይነቃል፣ ወይም ጭራሽ አይነቃም።

በኋላ አምፔር ሜትርም ካማረህ ሻንት (በጌጁ ፋንታ ዋናው ኃይል የሚያልፍበት የመለኪያ ብረት) ያለውን ፈልግ። ሻንቱ እዚያው ሞተር ክፍል ከዲናሞው ወደ ባትሪው በሚሄደው ወፍራም ኬብል መሃል ይታሰራል፤ ወደ ዳሽቦርድ የሚመጡት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም ሻንቱ አጠገብ ፊውዝ ይኑራቸው። ለ60 አምፔር ዲናሞ ባለ 100 አምፔር ሻንት ውሰድ። ጌጁና ሻንቱ በሚሊ ቮልት መመሳሰል አለባቸው፣ 75 ከሆነ ሁለቱም 75፤ ካልተመሳሰሉ ቁጥሩ ውሸት ነው። የሞተሪኖው ኬብል በሻንቱ እንዳያልፍ። ርካሾቹ ዲጂታሎች ደግሞ አብዛኞቹ ሻንቱን ኔጋቲቭ ላይ ስለሚፈልጉ ከመግዛትህ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ሥዕል እይ።

ሥራ ስትጀምር ሞተሩን አጥፋ፣ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍታ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪ ከነቀልክ የዲናሞው ዳዮዶች ሊቃጠሉ ይችላሉ። ስትጨርስ ባትሪው ላይ በቴስተር ለክተህ ከጌጁ ጋር አስተያየው። ከ0.2 ቮልት በላይ ከተለያዩ ወይ አንድ ቦታ ላልቷል፣ ወይ ጌጁ ራሱ አይረባም።