ለሙከራ ትምህርቱ ስብከት ይዘው አይግቡ

ጥያቄ፦ በሂሳብ አያያዝ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የንግድ ሥነ ምግባርና የድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት ለማስተማር አመልክቼ የ45 ደቂቃ የሙከራ ትምህርት እንዳቀርብ ተጠርቻለሁ። ፍልስፍና አልተማርኩም። ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ ፍልስፍና አለመማርዎ አያሳስብዎት። የማስተማር ሥነ ዘዴ ማስረጃ ያስፈልግ እንደሆነ ግን ትምህርት ቤቱን ከወዲሁ ይጠይቁ። በዚህ ትምህርት ጀማሪውን የሚጥለው ስብከት ነው። «ሐቀኛ ሁኑ» ሲባል ተማሪው መምህሩ መስማት የሚፈልገውን ይመልሳል፤ ገምጋሚዎቹም ሲያስብ አያዩትም። ስለዚህ አንድ እውነተኛ ጉዳይ ብቻ ይምረጡ፤ መጨረሻውን ግን ቶሎ አይንገሩ።

ራና ፕላዛ ለዚህ ይመቻል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2013 ባንግላዴሽ ውስጥ በነበረው በዚህ ሕንፃ ላይ ስንጥቅ ታየ። ታች ያሉት ባንክና ሱቆች ዘጉ፤ ላይ ያሉት የልብስ ፋብሪካዎች ግን የሚያደርሱት ትእዛዝ ነበረባቸው። እዚህ ድረስ ያለውን በ5 ደቂቃ ይንገሩና ክፍሉን በአራት ይክፈሉ፦ የፋብሪካ ባለቤት፣ የፈረቃ ተቆጣጣሪ፣ ሠራተኛ፣ ልብሱን ከውጭ ያዘዘ ኩባንያ። ቡድኖቹ «ነገ ምን እናደርጋለን? ወጪውንስ ማን ይሸከማል?» ለሚለው በ12 ደቂቃ መልሳቸውን ጽፈው በ10 ደቂቃ ያቅርቡ። በማግስቱ ሠራተኞቹ እንዲገቡ መደረጉን፣ ሕንፃው ተደርምሶም 1,134 ሰዎች መሞታቸውን የሚነግሯቸው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድመው ከነገሩ ሁሉም «መዝጋት ነበረባቸው» ይልና ውይይቱ እዚያው ይሞታል። የቀረውን 18 ደቂቃ «ስንጥቁ እየታየ ለምን አስገቧቸው? ሠራተኞቹስ ለምን ገቡ?» ላይ ያውሉት። ከአደጋው የተረፉ ሰዎች ካልገባችሁ ደመወዝ ይቀራል መባላቸውን ተናግረዋል፤ ይህን ሲሰሙ የተማሪዎቹ የመጀመሪያ መልስ መናወጥ ይጀምራል።

ማኅበራዊ ኃላፊነትን ለማስረዳት ብዙ መምህራን አሜሪካዊው የሥራ አመራር ምሁር አርቺ ካሮል በ1991 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን የድርጅቶች ኃላፊነት ፒራሚድ ይስላሉ፦ ከታች ትርፍ፣ ቀጥሎ ሕግ፣ ከዚያ ሥነ ምግባር፣ ጫፉ ላይ በጎ አድራጎት። ተማሪ ጫፉን ሲያይ ልገሳ ዋናው ይመስለዋል። ካሮል ራሱ ግን ከሌሎቹ ሦስቱ ያነሰ ክብደት ነው የሰጠው። የእርስዎ ሙያ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አንድ ፋብሪካ ፍሳሹን ሳያጣራ በመልቀቅ በዓመት 6 ሚሊዮን ይቆጥባል፣ ለትምህርት ቤት ደግሞ 1 ሚሊዮን ይለግሳል እንበል። ተማሪዎቹ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፈው 6 ሚሊዮኑን በእርግጥ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይፈልጉ። ማኅበራዊ ኃላፊነት ትርፉ ወዴት ሄደ ከሚለው በፊት እንዴት ተገኘ የሚል ጥያቄ መሆኑ ያኔ ይገባቸዋል።

ከኋላ ስትገጭ በእሳት በመያያዝ ስሟ የሚነሣውን የፎርድ ኩባንያ መኪና የፒንቶን ታሪክ ለመጠቀም ካሰቡ ይጠንቀቁ። የሰውን ሕይወት 200,000 ዶላር፣ ለአንድ መኪና የሚደረገውን ማሻሻያ 11 ዶላር ያለው ታዋቂ ሰነድ ብዙ ጊዜ ስለ ፒንቶ የተጻፈ ምስጢር ተደርጎ ይቀርባል። በእውነቱ ለመንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የቀረበ፣ መኪና ሲገለበጥ ስለሚፈስ ነዳጅ የሚያወራና የአሜሪካን መኪኖች በጠቅላላ የሚመለከት ነበር፤ የ200,000ው መነሻም የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ስሌት ነው። ስለ ሐቀኝነት የሚያስተምር ሰው በተሳሳተ ማስረጃ ሲያዝ ያሳፍራል።

ስለ ምዘና መጠየቅዎ አይቀርም። የተማሪውን አቋም አያርሙ፤ ከ10 ነጥብ 3ቱን ጉዳዩ የሚነካቸውን ወገኖች ሁሉ በመለየቱ፣ 3ቱን ተቃራኒውን ሐሳብ በጠንካራ መልኩ በማቅረቡ፣ 4ቱን ወጪውን ማን እንደሚሸከም በማሳየቱ ይስጡ።

ሌላው የሚወደድ ጥያቄ «ተማሪ ተነሥቶ ‹አባቴም ደረሰኝ አይቆርጥም› ቢል ምን ያደርጋሉ?» የሚለው ነው። አባቱን አይፍረዱበት፤ ልጁንም በክፍሉ ፊት አያጋልጡት። «አንድ ነጋዴ ደረሰኝ ባይቆርጥ ማን ይጠቀማል፣ ማን ይጎዳል?» ብለው ጉዳዩን ከቤተሰቡ ላይ ያንሡት። የዘመድና የጎረቤት ስም እንደማይጠራም ገና ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ይናገሩ።