የኮርኒስ ስፒከር፦ ከመብሳትዎ በፊት

ስለ ኮርኒስ ስፒከር ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል። ጠያቂዎቹ የሚያነሱት ስለ ስፒከሩ ነው፤ መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከስፒከሩ በላይ፣ በኮርኒሱና በጣሪያው መሃል ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር ነው። ኮርኒስ የለውም፤ ሶሌታው ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል። አንድ ባለሙያ «ሶሌታውን በስተን ስፒከሩን እንቀብረዋለን» አለኝ። ይሆናል? (ከልደታ)

መልስ፦ እባክዎ አያስበሱ። በብዙ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ሶሌታው ወጥ አርማታ አይደለም። ቀድመው የተሠሩ ቢሞች ይደረደራሉ፣ በመሃላቸው ባዶ ብሎኬት ይገባል፣ በላዩ ስስ አርማታ ይፈስበታል። ባለ 6.5 ኢንች ስፒከር ደግሞ ወደ 20 ሴ.ሜ ስፋትና ከ8 እስከ 11 ሴ.ሜ ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ይፈልጋል። ቀዳዳው ቢሙ ላይ ካረፈ ሸክሙን የያዘው ፌሮ ይቆረጣል። ብሎኬቱ ላይ ካረፈ ብሎኬቱ ይረግፋል፤ ድምፁም በቀጥታ ላይኛው ፎቅ ይገባል። የእርስዎ ጣሪያ የጎረቤትዎ ወለል መሆኑን ባለሙያው ሊነግርዎ ይገባ ነበር።

የሚያዋጣው ጂፕሰም ኮርኒስ ማውረድ ነው። ከሶሌታው እስከ ጂፕሰሙ 15 ሴ.ሜ ክፍተት ይበቃል። መጀመሪያ ግን ከወለል እስከ ሶሌታ ይለኩ። ኮርኒሱ ከወረደ በኋላ 2.40 ሜትር የማይተርፍ ከሆነ ክፍሉን በሙሉ አይዝጉት። ግድግዳውን ተከትሎ 70 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ጠርዝ ብቻ አውርደው ስፒከሮቹን እዚያ ያስገቡ። ብዙ ሰው ለኤልኢዲ መብራት የሚያሠራው ጠርዝ ለዚህም ያገለግላል። ስፒከር ወደ ግድግዳ በቀረበ ቁጥር ቤዙ ስለሚወፍር ከአምፑ (ከድምፅ ማጉያው) ላይ ቤዙን ቀነስ ማድረግ ነው።

ስንት ስፒከር? ኮርኒሱ 2.45 ሜትር ላይ ነው እንበል። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለል 1.10 ሜትር አካባቢ ስለሚሆን በመሃል 1.35 ሜትር ይቀራል። ድምፁን በ90 ዲግሪ የሚበትን ስፒከር በጆሮ ከፍታ ላይ 2.70 ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ይሸፍናል ማለት ነው። ለ4 በ5 ሳሎን 4 ስፒከር ይመቻል፤ እያንዳንዱ ከአጭሩ ግድግዳ 1.25 ሜትር፣ ከረጅሙ 1 ሜትር ይራቅ። 2 ስፒከር ሰቅሎ ድምፁን ከማጮህ 4 ሰቅሎ ዝቅ ማድረግ ለጆሮም ለጎረቤትም ይሻላል። ለቴሌቪዥን ግን የኮርኒስ ስፒከርን ዋና አያድርጉት። ሰውየው ፊት ለፊት እያወራ ድምፁ ከአናትዎ ሲመጣ ደስ አይልም።

ሥራው በቅደም ተከተል ካልሄደ ይበላሻል። የብረት ፍሬሙ በየ40 ወይም በየ60 ሴ.ሜ ሲታሰር የስፒከሮቹን ማዕከል ወለል ላይ በእርሳስ ያመልክቱ፤ ፍሬም የሚያልፍበት ከሆነ ፍሬሙን ሳይቆርጡ ስፒከሩን ያንሸራትቱ። ሽቦው ቦርዱ ከመዘጋቱ በፊት ተስቦ ያልቅ፤ በየስፒከሩ ቦታ 50 ሴ.ሜ ትርፍ ይተው፤ ሁሉንም በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ቀዳዳው የሚቆረጠው ከስፒከሩ ጋር በሚመጣው የወረቀት ልክ እንጂ በግምት አይደለም። ስፒከሩን የሚይዙት 3 ወይም 4 ጆሮዎች ቪታቸው ሲጠብቅ ወደ ውጭ ተዘርግተው ቦርዱን ይነክሳሉ። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ጋ ነው። በድሪል ሲጠበቅ ጂፕሰሙ ይደቅቃል፤ ያን ጊዜ ባይታይም ከወራት በኋላ ስፒከሩ ይላላና መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በካቻቪቴ፣ በእጅ፣ ጆሮው እስኪነክስ ብቻ ይጠበቅ። ስፒከሩ ከባድ ከሆነ ከሶሌታው ላይ በፊሸር የታሰረ ቀጭን የብረት ገመድ ይያዘው። ከበላዩ የሮክ ዉል (ከድንጋይ የሚሠራ ጥጥ መሰል ድምፅ ማፈኛ) ምንጣፍ ቢነጠፍ ወደ ላይ የሚያልፈው ድምፅ ይቀንሳል፤ ቤዙን ግን ሙሉ በሙሉ አያቆመውም።

ጥያቄ፦ ከመርካቶ 4 የኮርኒስ ስፒከር ገዝቼ ከቤት አምፕ ጋር አገናኘኋቸው። እስከ መጨረሻ ብከፍተው እንኳ ድምፁ ከስልክ አይበልጥም። ጀርባቸው ላይ «100 ቮልት፣ 3 ዋት፣ 6 ዋት» ይላል። አምፑ ነው የተበላሸው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አምፕዎም ስፒከሮቹም ደህና ናቸው፤ የተጋቡት ግን አይመጣጠኑም። የገዙት ለካፌ፣ ለሆቴልና ለአዳራሽ የሚሠራውን ባለ 100 ቮልት ዓይነት ነው። ጀርባው ላይ ያለው ትንሽ ትራንስፎርመር 6 ዋት ላይ ሲሆን ለአምፑ 1,667 ኦም (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም መለኪያ) አካባቢ ሆኖ ይታያል። ለ8 ኦም 50 ዋት የሚሰጥ የቤት አምፕ የሚያወጣው ቮልቴጅ 20 ብቻ ስለሆነ ወደ እያንዳንዱ ስፒከር የሚደርሰው ከሩብ ዋት ያነሰ ነው።

ከተቻለ በባለ 8 ኦም ያስለውጧቸው። ካልተቻለ ባለ 100 ቮልት አምፕ ይግዙ። የስፒከሮቹ ዋት ተደምሮ ከአምፑ አቅም 80 በመቶ አይብለጥ፤ አራቱ 6 ዋት ላይ ቢሆኑ 24 ዋት ስለሚሆኑ ባለ 30 ዋት አምፕ ልክ ይሆናል። የተገላቢጦሹ ስህተት ይከፋል፦ ባለ 8 ኦም ስፒከር ከ100 ቮልት መስመር ጋር ከተገናኘ ይቃጠላል፣ አምፑንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ባለ 8 ኦም 4 ስፒከሮች ሲገዙም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አራቱ በአንድ ቻናል ላይ ጎን ለጎን ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ፤ አብዛኛው የቤት አምፕ ይህን አይችልም፣ ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል። በየቻናሉ ሁለት ሁለት ጎን ለጎን ቢታሰሩ 4 ኦም ነው፤ አምፑ ጀርባው ላይ 4 ኦም የሚል ካለው ይሠራል። ካልሆነ ሁለቱን በተከታታይ ይሰሯቸው፣ 16 ኦም ይሆናሉ፤ ድምፁ ዝቅ ቢልም አምፑ አይጎዳም።

ጥያቄ፦ የቆየ ግቢ ቤት ነው፤ ኮርኒሱ ችፑድ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ለስፒከር ይሆናል? ምን ዓይነት ሽቦ ልግዛ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ይሆናል፤ ግን ከሰኔ በፊት ይጨርሱት። መብራቱን ከብሬከሩ አጥፍተው፣ ባትሪ ይዘው ጣሪያው ውስጥ ይግቡ። የሚረገጠው ሞራሌው ላይ እንጂ ችፑዱ ላይ አይደለም። የውኃ ምልክት ካለ መጀመሪያ ቆርቆሮው ይጠገን። ያረጀ ችፑድ የስፒከሩን ክብደት ብቻውን አይችልም፤ ከበላዩ 40 በ40 ሴ.ሜ ኮምፔንሳቶ በስተው ከሞራሌው ጋር በቪት ይሰሩት፣ ጆሮዎቹም ያንን ይንከሱ። ስፒከሩን አቧራና ጠብታ እንዳያገኘው ከላይ የእንጨት ሳጥን ይድፉበት፤ 40 በ35 በ12 ሴ.ሜ ቢሆን 17 ሊትር ገደማ አየር ስለሚይዝ ለባለ 6.5 ኢንች ጥሩ ነው። አይጥ ሽቦ ስለሚበላ ሽቦው በቱቦ ይሂድ።

የሽቦው ውፍረት በርቀቱ ይወሰናል። ለ8 ኦም ስፒከር ሽቦው ላይ የሚቀረው ኃይል ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ከተፈለገ ባለ 0.75 (ካሬ ሚ.ሜ) መዳብ እስከ 8 ሜትር፣ ባለ 1.5 እስከ 17 ሜትር፣ ባለ 2.5 እስከ 29 ሜትር ያደርሳል። ሲገዙ ጫፉን በቢላ ይፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና አንድ ደረጃ ወፍራም ይውሰዱ።

ሁሉም ስፒከር በአንድ አቅጣጫ መታሰሩንም ያረጋግጡ። ባለ 1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ አምፑ ጋ በሚደርሰው የሽቦ ጫፍ ላይ ለቅጽበት ያስነኩ፤ ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ ከተገናኘ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ይወጣል። አንዱ ብቻ ወደ ውስጥ ከገባ ሽቦው ተገልብጧል፤ ቤዙ የጠፋበት ቤት ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ ጩኸቱን ስፒከር አያሸንፈውም። ያንን የሚቀንሰው በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሃል የሚነጠፍ ሮክ ዉል ነው።

ጥያቄ፦ የስፒከሩን ሽቦ ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ማሳለፍ ይቻላል? ኤልኢዲ ሲበራ ዝዝዝ የሚል ድምፅ አለ። (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ አይቻልም። የመብራቱ 220 ቮልት ነው፤ አንድ ቀን ልባሱ ቢላጥ ወደ አምፑና ወደ እጅዎ ይመጣል። 30 ሴ.ሜ ያራርቋቸው፤ መተላለፍ ካለባቸው በመስቀል ቅርጽ ይተላለፉ። የዝዝታው ምንጭ ግን ብዙ ጊዜ የስፒከር ሽቦ አይደለም። ከቴሌቪዥን ወይም ከስልክ ወደ አምፑ የሚገባውን ቀጭን ገመድ ይንቀሉት፤ ድምፁ ከጠፋ ያንን ገመድ ከኤልኢዲው ፓወር ሰፕላይ ያርቁት ወይም ፓወር ሰፕላዩን ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ አምፑን ቁም ሣጥን ውስጥ ዘግቼው ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጠፋል። (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አይወስድም። ከአምፑ በላይ 15፣ በጎንና በጎኑ 10 ሴ.ሜ ክፍት ይሁን፤ የቁም ሣጥኑ ጀርባ ከታችም ከላይም ይበሳ። ይህን አድርገው አሁንም ከጠፋ ስፒከሮቹ ስንት ኦም ላይ እንደታሰሩ በቴስተር ይለኩ፤ የ8 ኦም ስፒከር በቴስተር ከ6 እስከ 7 ያነባል፣ ከ3 በታች ካነበበ ጥፋቱ እዚያ ነው።