መጀመሪያ የሚቀጠረው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ላይ በቴሌግራም የአካባቢ ዜና የምናቀርብ ሦስት ጓደኛሞች ነን። በወር 42 ሺህ ብር ያህል የማስታወቂያ ገቢ አለን፤ 27 ሺሁ ከአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ወጪያችን 31 ሺህ ነው። ሁለት ዘጋቢ ቀጥረን ወርኃዊ ጋዜጣ ልናሳትም አስበናል። ጊዜው ደርሷል ትላላችሁ?

መልስ፦ አልደረሰም። የመሥሪያ ቤቱን ብር ቀንሱና የቀረውን 15 ሺህ እዩት፤ የወጪያችሁን ግማሽ እንኳ አይሸፍንም። የመንግሥት ክፍያ ብዙ ጠረጴዛ ስለሚዞር ይዘገያል። ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ ያልተወራረደ ሂሳብ ደግሞ አዲስ በጀት ይጠብቃል፤ ስለዚህ የዓመቱን ሂሳብ እስከ ግንቦት መጨረሻ ጠይቃችሁ ጨርሱ።

ዘጋቢው ይቆይና መጀመሪያ ማስታወቂያ የሚሸጥ ሰው ቅጠሩ። ኮሚሽኑ፣ ለምሳሌ ከመቶ 15፣ ብሩ ባንክ ሲገባ ይከፈለው። ውል ሲፈረም ከተከፈለው የማይከፍል ደንበኛ ይሰበስብላችኋል። ዜና ግን እንዳይጽፍ፤ የደንበኛውን ስም ማሞገስ ይጀምራል።

ነጋዴ ለዜና እጁ አይፈታም፣ ለገበያ ዋጋ ግን ይፈታል። የቡሬን፣ የደምበጫንና የከተማችሁን የበቆሎ፣ የጤፍና የበርበሬ ዋጋ በገበያ ቀን ረፋድ ላይ ላኩለት፤ ማታ የደረሰ ዋጋ ለማንም አይጠቅም። 200 ሰው በወር 50 ብር በቴሌብር ቢከፍል 10 ሺህ ነው። የከፋዮቹን ስልክ ቁጥር መዝግባችሁ ያዙ፤ ቴሌግራም የተከታዮችን ስልክ ቁጥር ለቻናሉ ባለቤት አያሳይም። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አትርሱ። ቁጥሩ ካለ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይደርሳቸዋል።

ኅትመቱን ተዉት። የፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) እና የማሽን ዝግጅት ወጪ 500 ኮፒም 3 ሺህም ቢታተም ያው ነው፤ ጥቂት ሲታተም በእያንዳንዱ ኮፒ ላይ ይከመራል። የአዟሪው ድርሻና ሳይሸጥ የሚመለሰው ሲታከልበት ኪሳራ ነው። ካማራችሁ ለእንቁጣጣሽ አንድ ልዩ እትም አውጡ፣ ያውም የማስታወቂያው ብር ቀድሞ ከተሰበሰበ።

የሦስት ወር ወጪ፣ 93 ሺህ ብር፣ ባንክ ሲቀመጥና የመሥሪያ ቤቱ ድርሻ ከግማሽ ሲወርድ አንድ ዘጋቢ ቅጠሩ፤ ሁለት አይደለም። አሁን በወር በሚተርፋችሁ 11 ሺህ ብቻ፣ ክፍያው ባይዘገይም እንኳ፣ ዘጠኝ ወር ግድም ይፈጃል። እስከዚያው በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት መመዝገባችሁንና ሕጋዊ ደረሰኝ መያዛችሁን አረጋግጡ፤ ያለ ደረሰኝ የትኛውም ሂሳብ ክፍል አይከፍላችሁም።